«ኤምአርአይ ምርመራው ሲያልቅ ይጠፋል» ላሉት ጸሐፊ፦ አይጠፋም

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ ባጭሩ «ኤምአርአይን አትፍሩ» ነው። ኤምአርአይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ የምርመራ ማሽን ነው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ኤምአርአይ ጨረር ስለሌለው ጉዳት የለውም። ማግኔቱ የሚሠራው ምርመራ ላይ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ይጠፋል። በዓለም ላይ የደረሱት አደጋዎች መመሪያ ያልሰሙ ሰዎች ጥፋት ናቸው። በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ መለጠፍና የብረት መፈተሻ ማቆም ይበቃል። ወርቅና ብር ማውለቅ አያስፈልግም። ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ግን ጨርሶ ኤምአርአይ መነሳት የለበትም። የሆነ ነገር ከተፈጠረም ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑን ማጥፋት ነው።

ጽሑፉ በክፋት እንዳልተጻፈ አምናለሁ። ሰው ፈርቶ ከምርመራው እንዳይቀር ታስቦ ነው። እኔም የምሠራው እዚያው ማሽን አጠገብ ነውና ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ቱቦ ውስጥ መግባቱ፣ ጩኸቱ፣ ብቻ መሆኑ ያስጨንቃል። ግን ሰው ለማረጋጋት ተብሎ የተሳሳተ ነገር ሲነገር፣ ያንን አምኖ በሩን የሚከፍት ሰው ይኖራል። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

ጨረር የለውም የሚለው ትክክል ነው። ኤምአርአይ እንደ ኤክስሬይና እንደ ሲቲ ስካን ያለ ጨረር አይጠቀምም። ለብዙ ታካሚ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አደጋው የሚመጣው በሌላ በኩል ነው፦ ከማግኔቱ፣ ከሬዲዮ ሞገዱና ማግኔቱን ከሚያቀዘቅዘው ሂሊየም። ድምፁም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ስለሚችል የጆሮ መከላከያ ሳይደረግ ማንም መነሳት የለበትም፤ ሕፃንም ይሁን ራሱን የሳተ ታካሚ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ምርመራው ሲያልቅ ማግኔቱ ይጠፋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በጣም አሳስቦኛል። አይጠፋም። በአብዛኞቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው ማግኔት በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ የተጠመቀ የሽቦ ጥቅል ነው። ሂሊየሙ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በዚያ ቅዝቃዜ ሽቦው ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ ያስተላልፋል። ማሽኑ ሲተከል አንዴ የተሞላው ኤሌክትሪክ ለዓመታት እዚያው ውስጥ ሲዞር ይኖራል። ታካሚ ኖረም አልኖረም፣ ሌሊትም ሆነ እሑድ፣ ማግኔቱ አለ። በብዛት ያሉት 1.5 እና 3 ቴስላ የሚባሉት ናቸው፤ ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። 1.5 ቴስላ ማለት የመሬት ማግኔት 30,000 እጥፍ ገደማ ነው።

ይህ ነገር እኛ አገር ላይ የበለጠ ይከብዳል፤ መብራት ይጠፋልና። መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ጩኸቱ ይቆማል፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ማንም ሰው ቢያየው «ማሽኑ ጠፋ» ይላል። ማግኔቱ ግን እንዳለ ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ የብረት ባልዲ ይዛ፣ ጥበቃው መሣሪያ አንግቶ፣ ኤሌክትሪሺያኑ መሰላል ተሸክሞ ሊገባ የሚችለው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ባለሙያው ወጥቶ፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ፣ በሩ ሳይቆለፍ ሲቀር ነው የምፈራው።

ማግኔቱ አሳሳች የሚሆነው ደግሞ ቀስ እያለ ስለማይጎትት ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች ጉልበታቸው ወደ ውጪ እንዳይፈስ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ጥሩ ነገር ነው። ግን በዚህ የተነሳ በሩ አካባቢ ቆሞ ምንም የማይሰማው ሰው ጥቂት እርምጃ ሲራመድ የያዘው ነገር በአንድ ጊዜ ከእጁ ይመነጨቃል። «ሲስበኝ እመለሳለሁ» ብሎ ነገር የለም።

በጥር 2018 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሕንድ ሙምባይ ናይር ሆስፒታል ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። የ32 ዓመት ወጣት ዘመዱን ሊያስታምም መጥቶ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ ወደ ኤምአርአይ ክፍሉ ገባ። ማሽኑ ከነሲሊንደሩ ጎተተው፤ ሞተ። ቤተሰቦቹ እንደተናገሩት፣ «ማሽኑ ጠፍቷል፣ ግባ» ያለው የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነበር። ጸሐፊው የጻፉት ዓረፍተ ነገር እኮ ይኸው ነው። እባክዎ ያቺን ዓረፍተ ነገር ያርሟት። ሌላው ሁሉ ቢቀር እንኳ ይህቺ ብትታረም ትልቅ ነገር ነው።

«አደጋዎቹ መመሪያ ያልሰሙ ሰዎች ጥፋት ናቸው» ወደሚለው እንሂድ። በሐምሌ 2001 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ቫልሃላ በምትባል ከተማ ባለው ዌስትቸስተር ሜዲካል ሴንተር አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ኤምአርአይ እየተነሳ ነበር። የጭንቅላት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ ለምርመራው ማደንዘዣ ወስዶ ተኝቷል። ኦክስጅን አስፈለገ። በችኮላ የብረት ሲሊንደር ወደ ክፍሉ ገባ። ማግኔቱ ሲሊንደሩን ልጁ ወዳለበት ቱቦ ወነጨፈው፤ ጭንቅላቱን መታው። ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ። ይህ ልጅ የትኛውን መመሪያ ነው ያልሰማው? በ2021 በደቡብ ኮሪያ ጊምሄ ከተማም እንዲሁ ነው። ታካሚው ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ አጠገቡ የነበረው ሲሊንደር ተስቦ መታውና ሞተ። ሲሊንደሩን ወደ ክፍሉ ያስገባው እሱ አልነበረም።

በሐምሌ 2025 ደግሞ በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ፣ ዌስትበሪ ውስጥ ሆነ። አንዲት ሴት ጉልበቷን ተነስታ ጨረሰች። ከአልጋው ለመነሳት ደግፈኝ ብላ ባሏን አስጠራች። የ61 ዓመቱ ሰው አንገቱ ላይ ለስፖርት የሚጠቀምበት ወደ 9 ኪሎ የሚመዝን የብረት ሰንሰለት ነበር። ክፍሉ ውስጥ እንደገባ ማሽኑ ጎተተው፤ በማግስቱ ሞተ። ሚስቱ እንዳለችው ሰንሰለቱን ሠራተኞቹ ከዚያ በፊትም አይተውት ያውቃሉ።

ለጸሐፊው የሚያደላ አንድ አደጋ አለ፤ እሱንም አልደብቅም። በጥር 2023 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ አንድ ጠበቃ እናቱን ይዞ መጣ። ብረት ካለህ አውጣ ተብሎ ተነገረው፤ ቅጹንም ፈረመ። ወገቡ ላይ ሽጉጥ እንዳለው ግን አልተናገረም። ማግኔቱ ሽጉጡን ሳበው፤ ባረቀና ሆዱን መታው። ከሳምንታት በኋላ ሞተ። አዎ፣ እዚህ ላይ ሰውየው ደብቋል። ግን እዚያ በር ላይ ከሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ያለፈ ነገር ተደርጎ ነበር። ተነግሮታል፣ ፈርሟል። አልበቃም።

እነዚህን አደጋዎች አንድ ላይ ስታዩ ጎልቶ የሚወጣ ነገር አለ። ሙምባይ፣ ዌስትበሪ፣ ሳኦ ፓውሎ ላይ የሞቱት ታካሚዎች አይደሉም፤ አስታማሚዎች ናቸው። ታካሚውን እንጠይቃለን፣ እናስወልቃለን፣ ጋወን እናለብሳለን። አስታማሚው ግን ከነጫማው፣ ከነቀበቶው፣ ከነቁልፉ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «እሱ አይገባም» ብለን እናስባለን። ከዚያ ምርመራው ያልቃል። በሩ ይከፈታል። ታካሚዋ ደክሟታል። የባለሙያው ሐሳብ እሷን ማንሳት ላይ ነው። «ና ደግፋት እስቲ» ይባላል። በቃ፣ ያቺ ደቂቃ ናት።

እኛ አገር አስታማሚ ማለት የሆስፒታሉ እጅና እግር ነው። ስትሬቸር የሚገፋው እሱ ነው። መድኃኒት የሚገዛው፣ ውጤት የሚያመጣው፣ ሲሊንደር ተሸክሞ ከዋርድ ዋርድ የሚከተለው እሱ ነው። አንድ ታካሚ ሲመጣ አራትና አምስት ሰው አብሮ ይመጣል። እናት ልጇ ቱቦ ውስጥ ሲያለቅስ ብትሰማ ዘልላ ነው የምትገባው፤ ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ አስታማሚው እንደማይገባ ማሰብ ትተን እንደሚገባ አድርገን መዘጋጀት አለብን። በሩን ሊያልፍ የሚችል ሁሉ እንደ ታካሚው ይጠየቅ፣ ይፈተሽ። የማይፈተሽ ከሆነ ደግሞ ከሩቁ በር እንዳያልፍ ይደረግ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ከቫልሃላው አደጋ በኋላ፣ በ2002 የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ የሚባለው የሐኪሞች የሙያ ማኅበር የኤምአርአይ ደኅንነት መመሪያ አወጣ። ቦታውን በአራት ይከፍለዋል። አንደኛው ማንም የሚገባበት ውጪ ነው። ሁለተኛው ታካሚ የሚጠየቅበትና ልብስ የሚቀይርበት ነው። ሦስተኛው የተቆለፈ፣ ተፈትሾ ያለፈ ሰው ብቻ ከባለሙያ ጋር የሚገባበት ነው። አራተኛው ማግኔቱ ያለበት ክፍል ነው። የመመሪያው ጉልበት ሦስተኛው ላይ ነው። የተሳሳተ ሰው ቢኖር እንኳ ከመጨረሻው በር በፊት የሚያቆመው ሌላ በር አለ። የሕንፃ ጉዳይ ነው፤ የታካሚ ጨዋነት ጉዳይ አይደለም። የኤምአርአይ ክፍሉ በቀጥታ ወደ መጠበቂያው ኮሪደር የሚከፈት ከሆነ ማስጠንቀቂያ ብትለጥፉበት ባትለጥፉበት ለውጥ የለውም። ልጁ የታመመበት ሰው በር ላይ ቆሞ ጽሑፍ አያነብም።

የብረት መፈተሻውን በተመለከተ ደግሞ ባጭሩ ልበል። ሆቴልና ባንክ በር ላይ የምናውቀው ዓይነት መፈተሻ የቀበቶ ዘለበትንም ሲሊንደርንም ለይቶ አያውቅም፤ ለሁሉም ይጮኻል። ሁልጊዜ ለሚጮኽ ነገር ማንም ትኩረት አይሰጥም። ማግኔት የሚስበውን ብረት ብቻ የሚለይ መፈተሻ አለ፤ ገንዘቡ ካለ ቢገዛ ጥሩ ነው። ያም ቢሆን ረዳት ነው እንጂ ሰውን አይተካም። የሚያስፈልገው የሠለጠነና «አይገባም» የማለት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ፕሮፌሰሩንም፣ ባለሥልጣኑንም፣ ለነፍስ የሚሮጠውን የድንገተኛ ቡድንም ማስቆም የሚችል።

መጠየቅም ራሱ ሙያ ነው። «ብረት አለብዎት?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። ሁሉም ሰው «የለብኝም» ነው የሚለው። እየዋሸ አይደለም፤ ብረት ሲባል የሚታየው ፌሮ ነው። አንዲት እናት እንዲህ ብለውኝ ቀሚሳቸውን ሳያወልቁ ሊገቡ ነበር። «እማማ፣ ወገብዎ ላይ የታሰረ ነገር አለ?» ስላቸው መቀነታቸውን ፈቱ። የሣጥን ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሁለት መርፌ ቁልፍና በቆርቆሮ የታሸገ ክታብ ወጣ። እሳቸው ዘንድ እነዚህ «ብረት» አይባሉም። ጥያቄው በሚያውቁት ነገር መቅረብ አለበት። በብየዳ ወይም በግራይንደር ሠርተው ያውቃሉ? ዓይንዎ ውስጥ ፍንጣሪ ገብቶ ያውቃል? ጥይት ወይም ፍንጣሪ መትቶዎት ያውቃል? ውጭ አገር ቀዶ ሕክምና አድርገዋል? እንዲህ ሲባል መልሱ ሌላ ይሆናል።

የዓይኑን ጥያቄ ማንም እንዳይንቀው እለምናለሁ። በ1986 የታተመ የሕክምና ዘገባ አለ። ታካሚው ዓይኑ ውስጥ ቅንጣት ብረት እንዳለ ማንም አላወቀም። ኤምአርአይ ሲነሳ ቅንጣቷ ተንቀሳቀሰች፤ ዓይኑ ውስጥ ደማ፤ ዓይኑ ጠፋ። ያለ መነጽር ስንት ወጣት በየብረታ ብረት ቤቱ እንደሚበይድ አስቡት። ጥርጣሬ ካለ አስቀድሞ የዓይን ኤክስሬይ ማንሳት ነው።

«ወርቅና ብር ችግር የለውም» ለሚለው፦ ማግኔቱ ንጹሕ ወርቅን እንደማይስብ እውነት ነው። ሬዲዮ ሞገዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ሁሉ ሊግል ይችላል፤ ወርቅም፣ ብርም፣ መዳብም። ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከሚደርሱት የኤምአርአይ ጉዳት ሪፖርቶች በብዛት የሚታየው መወንጨፍ አይደለም፤ ቃጠሎ ነው። የልብ መከታተያ ሽቦ ተጠቅልሎ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ክንድ ያለ መከላከያ የቱቦውን ግድግዳ ሲነካ ያቃጥላል። እጅና እጅ ከተጣመሩ ወይም ጭንና ጭን ከተነካኩ ሰውነቱ ራሱ እንደ ቀለበት ሆኖ ኤሌክትሪክ ይዞርበታል፤ በሚነካካው ቦታ ላይ ቆዳ ይቃጠላል። ስለዚህ ነው በመሀል ስፖንጅ የምናስገባው፤ ለምቾት ብቻ አይደለም።

ልብስም አለ። አንዳንድ የስፖርት ልብሶች ሽታ እንዳይይዙ ብለው የብር ክር ይገባባቸዋል። የእኛም ቀሚስ ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ክር ሊኖረው ይችላል። ሹሩባ ውስጥ የተጠለፈ የሚያብለጨልጭ ክር፣ የዊግ መያዣ፣ ዓይን ላይ የተኳለ ኩል፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት፣ ሁሉም ይጠየቃሉ። የሚለጠፉ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ ስስ ብረት እንዳለና ሊያቃጥሉ እንደሚችሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 አስጠንቅቋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁሉም ሰው ሙሉ ልብሱን አውልቆ የሆስፒታል ጋወን ይልበስ። ውስጥ ሆኖ የሚሞቅ ወይም የሚለበልብ ነገር ከተሰማው ደግሞ ምርመራው እስኪያልቅ አይቻለው፤ እጁ ላይ የተሰጠውን ደወል ይጭመቅ። ማደንዘዣ የወሰደ ታካሚ መናገር ስለማይችል ለእሱ እጥፍ ጥንቃቄ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጸሐፊው ሰውን የሚያስፈራ ነገር ጽፈዋል። «ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ጨርሶ አይነሳም» የሚለው ብዙ ሰው ከሚያስፈልገው ምርመራ ያስቀራል። ስብራት ለመጠገን የሚገቡት የታይታኒየም ብሎኖች ብዙ ጊዜ አይከለክሉም። ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት ማስተካከያ እንኳ በተወሰነ ሁኔታ ኤምአርአይ እንዲነሳ ተደርጎ የተሠራው ዓይነት ከ2011 ጀምሮ በአሜሪካ ተፈቅዷል። ጥያቄው ብረት አለ ወይስ የለም አይደለም፤ የትኛው ነው የሚለው ነው። ውጭ አገር የታከመ ሰው የተሰጠውን የኢምፕላንት ካርድ (ሰውነቱ ውስጥ ምን እንደተተከለ የሚገልጸውን) እንደ ፓስፖርት ይጠብቀው። ካርዱ ላይ አረንጓዴ ካሬ ካለ ማግኔት ክፍል ውስጥ ችግር የለውም፤ ቢጫ ሦስት ማዕዘን በሁኔታ ይፈቀዳል፤ ቀይ ክብ አይገባም ማለት ነው። ወረቀቱም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበብ። በ1993 በወጣ ዘገባ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ባለው የደም ሥር ላይ ክሊፕ (ትንሽ መቆንጠጫ) የተደረገላት አንዲት ታካሚ ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ሞታለች። ክሊፑ ማግኔት የማይስበው ዓይነት ነው ተብሎ ተነግሮ ነበር፤ አልነበረም።

የመጨረሻው የቀዩ ቁልፍ ነገር ነው። በብዙ ቦታ ቁልፉ አንድ አይደለም። አንዱ ኤሌክትሪክ ነው የሚቆርጠው፤ እሱን ብትጫኑት መብራት እንደጠፋ ማለት ነው፣ ማግኔቱ አይነካም። ሌላው ሂሊየሙን አፍልቶ ማግኔቱን የሚገድለው ነው። እሱም ቢሆን እንደ አምፖል ማጥፊያ ወዲያው አይሠራም፤ ጉልበቱ እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል። ፈሳሹ ሂሊየም ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከ700 እጥፍ በላይ ይሰፋል። በቧንቧው ወደ ውጪ ካልወጣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ያባርራል፤ ሰው ያፍናል። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ከሆነም ግፊቱ በሩ እንዳይከፈት ሊያደርግ ይችላል። በ2014 ናቪ ሙምባይ ውስጥ ባለ የካንሰር ማዕከል ሁለት ሠራተኞች በሲሊንደርና በማሽኑ መሀል ለአራት ሰዓት ያህል ተጣብቀው የቆዩት ቁልፉ ሊሠራ ባለመቻሉ እንደሆነ ተዘግቧል።

ስለዚህ ሂሊየሙን የሚያፈላው ቁልፍ ሰው ማሽኑ ላይ ተጣብቆ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲወድቅ የሚነካ ነው። ታካሚው ውስጥ ሳለ ልቡ ቢቆም ግን ቁልፉ አይነካም፤ የድንገተኛ ጋሪውም አይገባም። ደረቱን እየተጫኑ ማግኔት በማይስበው አልጋ ከክፍሉ ማውጣት፣ በሩን መዝጋት፣ ሕክምናውን ውጪ መቀጠል ነው። የማታ ተረኞች ሁለቱን ቁልፎች ለይተው እንዲያውቁ፣ ጥበቃዎችና ጽዳት ሠራተኞችም መብራት ሲጠፋ ያንን በር እንዳይከፍቱ፣ ኃላፊው ዛሬውኑ ክፍሉ ድረስ ወስዶ ያሳያቸው።